እርማት፦ ክንድ ይዞ መጎተት ሴፍቲ አይደለም

«ዓይነ ስውር ተማሪ መንገድ ሲሻገር ክንዱን ጥብቅ አድርጎ መያዝ ነው ሴፍቲው» ላልከው ወንድሜ፣ ብዙ ሰው እንደዛ ያምናል ግን ልክ አይደለም። ስትጎትተው ሚዛኑን ይስታል፣ ከፊቱ ያለውን በነጭ ዘንጉ መፈተሽም ይከብደዋል። መጀመሪያ ጠይቀው፣ እርዳታ ከፈለገ እሱ ነው ያንተን ክንድ ከክርንህ ከፍ ብሎ የሚይዘው፣ ግማሽ እርምጃ ከኋላህ ስለሚሆን ደረጃ ስትወጣም ስትወርድም ስትታጠፍም ከሰውነትህ እንቅስቃሴ ቀድሞ ያውቀዋል። ዘንጉን ግን በፍጹም እንዳትይዝበት!

ሁሌ አጅቦ መውሰዱም ቢሆን አይጠብቀውም፣ አጃቢ የቀረ ቀን ምን ሊያደርግ ነው? ሞቢሊቲ አሰልጣኝ (ዓይነ ስውራን ብቻቸውን እንዲንቀሳቀሱ የሚያሰለጥን ባለሙያ) ካለ በሱ ይጀመር፣ አንዱን መንገድ እስኪለምደው ደጋግሙት፣ ከዛ ራቅ ብለህ ተከተለው (እየተከተልከው እንደሆነ ግን ንገረው)፣ አደጋ ከሌለ ሲሳሳት ቶሎ አትግባበት፣ ራሱ ያስተካክለው።