ደጃዝማችነት ለሚገባቸው

ደጃዝማች ማለት ቃል በቃል ሲፈታ «የደጅ አዝማች» ነው። ማዕረጉ ከቀረ ቆይቷል። እኔ ግን ተመልሶ ይምጣ ባይ ነኝ። ሹመት ሳይጠይቁ ደጃቸውን የሚጠብቁ፣ አልፈውም የሚያስፋፉ ጀግኖች በየከተማው ሞልተዋልና።

ስለ ማን እንደማወራ ገብቷችኋል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለውን የእግረኛ መንገድ የራሱ ስላደረገው ባለ ግቢ ነው። አጥሩ አልቋል፣ ካርታውም አልቋል፣ እሱ ግን አላለቀም። ከአጥሩ እስከ አስፋልቱ ያለው ቦታ የሕዝብ ነው ይላል ሕጉ። ታዲያ እሱ ሕዝብ አይደለም እንዴ?

ዘመቻው በሲሚንቶ ይጀመራል። መኪናው ሆዱን እንዳይላጭ መወጣጫው ረዘም ይላል፤ የእግረኛ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዞት ይወርዳል። ቦዩ ላይ የብረት ላሜራ ይጋደማል። ሲረግጡት «ጓ!» ይላል። ይህ ጉዳት አይደለም፣ ደወል ነው፤ እግረኛ መምጣቱ ሳሎን ድረስ ይሰማል። ከዚያ ሁለት የአበባ ማስቀመጫ። ከዚያ ሰንሰለት። በመጨረሻ በቀይ ቀለም፦ «በር ላይ መኪና ማቆም በሕግ ያስቀጣል።» የትኛው ሕግ እንደሆነ ለመጻፍ ቀለሙ አልበቃም።

የአሜሪካ የተደራሽነት መስፈርት የእግረኛ መንገድ ወደ ጎን ሲያዘነብል በየ48 ሳንቲሜትሩ ከአንድ ሳንቲሜትር እንዳይበልጥ ይላል። አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ባለው መንገድ ላይ 3 ሳንቲሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ሦስት ሳንቲሜትር! ጀግናችን ለሦስት ሳንቲሜትር ብሎ ሲሚንቶ አያቦካም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው እሱ ደጃፍ ሲደርስ ወንበሩ ወደ አስፋልቱ ይጎትተዋል። አንዱን ጎማ አንቆ ይዞ ሌላውን ብቻ ይገፋል። የክንድ ስፖርት ነው፣ ያውም በነጻ።

ዓይነ ስውራንንም አልረሳቸውም። ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ እ.ኤ.አ. በ1965 እግር የሚያነበው ጉብ ጉብ ያለ ንጣፍ ፈለሰፈ። በ1967 ኦካያማ ከተማ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጠፈ። ዛሬ ያ ቢጫ መስመር በብዙ ከተሞች አለ። ሰውን ቀጥ አድርጎ እየመራ ይወስደውና የደጃዝማቻችን መኪና የኋላ መብራት ጋ ያደርሰዋል።

የማዕዘን ቤት ያለውማ የጦር አበጋዝ ነው። ደንቡ ማዕዘን ላይ አጥር ዝቅ ይበል የሚለው ሾፌር የሚመጣውን እንዲያይ ነው። እሱ ግን የራሱ ጓዳ እንዳይታይ ብሎ ከሰው ቁመት በላይ አጠረው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ከግቢ የሚወጣ ሾፌር በመንገዱ ላይ ለሚሄዱት ተሽከርካሪዎች ቅድሚያ ይስጥ ይላል። ጀግናችንም ይሰጣል፤ ግቢ ውስጥ ሆኖ ክላክስ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ሳይሆን የመኪናውን ቂጥ ያወጣል። እግረኛው ቆሞ ይጠብቃል። ደጅ መጥናት ቀርቷል ያለው ማነው?

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው አንዳንድ ሰላም የማይወዱ ባለሙያዎች የመሬት አጠቃቀም ደንቡን እናሻሽል ብለው የመጡት። እነዚህ ሰዎች የግጭት ነጥብ የሚሉት ነገር ይቆጥራሉ፤ የመኪኖች መስመር የሚቆራረጥበት፣ የሚገናኝበት ወይም የሚለያይበት ቦታ ማለት ነው። ባለ አራት መስቀለኛ መንገድ ላይ 32፣ በቲ ቅርጽ መገናኛ 9። ግራም ቀኝም የሚታጠፉበት የግቢ መግቢያ ለእነሱ ትንሽዬ ቲ ነው፤ ዘጠኙ አይቀርለትም። በአንድ ብሎክ አሥር በር ካለ ዘጠና! ስለዚህ ምን አሉ? ሁለት ጎረቤቶች አንድ መግቢያ ይጋሩ።

ይጋሩ! የጋራ አጥር እንኳ አልተስማማቸውም እኮ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ግንብ ገንብተው በመሃል የቀረችው ክፍተት ድመት እንኳ ጎኗን እየታከከች የምታልፍባት ናት። አሁን ማን ቀድሞ ይውጣ ብለው ጠዋት ጠዋት ሰላም ሊባባሉ?

ለውይይቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጀግናችን ማይክ ያዘ። «ደንቡን በመርህ ደረጃ እንደግፋለን» አለ። በእኛ ቋንቋ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚያ የሱ መወጣጫ ነባር ስለሆነ አዲሱ ደንብ እንደማይመለከተው አስረዳ። ነባር ግንባታ እንደገና እስኪሠራ ድረስ ብዙ ጊዜ እንደማይነካ አጣርቶ ነው የመጣው። ሲሚንቶው ግን ገና ከጫማው አልረገፈም ነበር።

አንዱ ባለሙያ የእሳት አደጋ መኪና ማለፊያ ይፈልጋል ብሎ ሞገተው። አሜሪካ ውስጥ በስፋት የሚሠራበት የእሳት አደጋ ኮድ 20 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ገደማ ክፍት ስፋት ይጠይቃል። «የኛ ሰፈር ተቃጥሎ አያውቅም» አለው። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ዳር ላይ ስለነበርኩ ሳላጨበጭብ ሰው እንዳያየኝ።

ደጃዝማቻችን በድል ወደ ቤቱ ተመለሰ። በሩ ጋ ሲደርስ አንድ የማያውቀው መኪና በሰንሰለቱና በአበባው መካከል ቆሟል። ሾፌሩ የለም። ክላክስ አደረገ። ደገመ። ላሜራው ላይ ቆሞ ተንጎራደደ፤ ጓ፣ ጓ። ከዚያ ያንን ሲያብጠለጥለው የዋለውን ረቂቅ ከኪሱ አወጣና መነጽሩን አድርጎ ስለ ቅጣት የሚለውን አንቀጽ መፈለግ ጀመረ።