የማርች ስምንት ድፎ

የሴቶች ቀን ሊከበር ነውና መሥሪያ ቤታችን ማስታወቂያ ለጠፈ። የመክፈቻ ንግግር፦ ሥራ አስኪያጁ። የጥናት ጽሑፍ፦ የሰው ኃይል ኃላፊው፤ እሱም ወንድ ነው። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ቄጤማና ቡና፦ «ሴት ሠራተኞች በሙሉ»። የሀገር ልብስ ግዴታ መሆኑም ከታች በደማቁ ሰፍሯል። እንግዲህ በዓሉ የእኛ ስለሆነ ሊጥ ስናቦካ አምሽተን፣ ሌሊት ተነሥተን ጋግረን፣ ዳቦውን ታቅፈን ከታክሲ ሰልፍ ጋር ስንጋፋ ቆይተን፣ ስለ መብታችን ከሁለት ወንዶች እንሰማለን።

ይህን ቀን የጀመሩት ሴቶች ቄጤማ ሲጎዘጉዙ አልነበረም። ጀርመናዊቷ ክላራ ዜትኪን በ1910 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን በተሰበሰበው የሶሻሊስት ሴቶች ጉባኤ ላይ ሐሳቡን ስታቀርብ ዋናው ጥያቄ የመምረጥ መብት ነበር። ማርች 8 ደግሞ በ1917 በሩሲያ ዋና ከተማ በፔትሮግራድ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ሥራ አቁመው «ዳቦ!» እያሉ አደባባይ የወጡበት ዕለት ነው። በሳምንቱ ዛሩ፣ የሩሲያው ንጉሥ፣ ዙፋኑን ለቀቀ። እነሱ ዳቦ አምጡ ብለው ንጉሥ አወረዱ፤ እኛ ዳቦ አምጡ ተብለን ሥራ አስኪያጅ እናበላለን።

መብታችንን የሚገልጽ ተረት ከተፈለገ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን የሚስተካከል አላገኘሁም። («ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ያለውን ሰውዬ ግን የዚያን ቀን ምሳውን ማን ሠርቶለት እንደነበር ብጠይቀው ደስ ይለኛል።) ሕጎቻችንን ባነበብኩ ቁጥር ያቺ የሰማይ ላም ትታየኛለች። ጣሊያን አዚናራ እስከምትባል የእስር ደሴቱ ድረስ ወስዶ ያሰራቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1957 እ.ኤ.አ. ተመርጠው ፓርላማ ገቡ። ሦስት ዓመት ሳይቆይ የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ባልን የቤተሰቡ አለቃ አደረገው። ባል ሠራተኛ የመቅጠር አቅም ከሌለውም የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ ትሥራ አለ። ሴት ለሀገር ሕግ ማውጣት ትችላለች፤ ቤቷ ስትደርስ ግን ነጠላዋን አስቀምጣ ሽንኩርት መክተፍ ነው። ይህ እስኪሻር አርባ ዓመት ፈጀ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ባልና ሚስትን እኩል ያደረገው፣ የልጃገረዶችንም የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ ያደረገው እንዲሁ ከሰማይ ወርዶ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና መሰሎቹ ስለጮኹ ነው። ማኅበሩ በዓመቱ ታግዶ ነበር፤ የምስጋና ወጉ እንዲህ ነው።

ሕጉ ከወጣ ከስንት ዓመት በኋላ መሰላችሁ፣ እኔ በስሜ ለተመዘገበ ቤት ጉዳይ አንድ ቢሮ ሄጄ፣ ጸሐፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «እህቴ፣ አባወራው ይምጡና እንነጋገራለን» ያለኝ። አባወራ የለም አልኩት። «ወንድምስ?» አለኝ። ይህን ቂም እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ፣ ለመተውም አላሰብኩም። ሥነ ሥርዓት ነው ይላሉ! የት ተጽፎ? አዋጁን የማያነብ ሰው አዋጁ በተለጠፈበት ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ማኅተም ይመታል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ቢሆን ለወላድ 120 ቀን፣ ለአባት ሦስት ቀን ነው የሰጠው። ሦስት ቀን ገንፎውን በልቶ ለመመለስ ይበቃል።

ወደ ድፎው ልመለስ። ለኮሚቴው፣ ዘንድሮ ወንዶቹ ይጋግሩ፣ ቡናውንም ያፍሉ፣ ንግግሩን እኛ እናደርጋለን አልኩ። ሳቁ። ሰብሳቢው አዘን ባለ ድምፅ «እነሱ እኮ አይችሉበትም» አለ። በየሆቴሉ ማድ ቤት ነጭ ቆብ ደፍተው ወጥ የሚያማስሉት ወንዶች ታዲያ ከየት መጡ? ደመወዝ ሲኖረው እጃቸው ይፈታል ማለት ነው። ይህንንም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብልኝ ብዬ ነበር፤ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ ግን ኮባ ልትገዛ ተልካ ኖሯል።