«ወንድሜ ሳትጨርስ ጠፋች»

ወገኖቼ፣ በተለይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወንበር የያዛችሁ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። መጀመሪያ ግን የሆነውን ልንገራችሁ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የፒኤችዲ ተማሪዎች ፕሮፖዛላቸውን የሚያቀርቡበት ቀን ነበር። መድረክ መሪው ንግግሩን በሳይንቲስቱ በዶክተር አክሊሉ ለማ ጀመረ። መቼም እንዲህ ባለ ቀን ስማቸው ሳይነሳ አይቀርም። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከወንዙ በታች በኩል የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ምርምራቸው ከዚያ ተነሳ። ሞቅ አድርገን አጨበጨብን።

ሦስተኛዋ አቅራቢ ከደቡብ ኦሞ የመጣች ልጅ ነበረች። አማርኛን የለመደችው ካደገች በኋላ ነው። ርዕሷ ካላዛር ነበር። ካልታከመ ከ100 ታማሚ ከ95 በላይ የሚገድል በሽታ ነው። የተለመደው ሕክምና በቀን ሁለት መርፌ ለ17 ቀን ነው፤ መርፌዎቹ ደግሞ ያማሉ። እሷ ማወቅ የፈለገችው ሰዎች ለምን አቋርጠው እንደሚሄዱ፣ እረኛ ሊጨርሰው የሚችል ሕክምና እንዴት እንደሚሞከር ነበር።

ከገምጋሚዎቹ አንዱ «ሳይንሱ የቱ ጋ ነው?» አላት።

በእንግሊዝኛ ልትመልስ ጀመረችና ተንተባተበች። እጇ ይንቀጠቀጣል። የያዘችው ወረቀት ማይኩን ሲነካው ኮሽ ኮሽ ይላል። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረች።

«ወንድሜ መርፌውን ሳትጨርስ ጠፋች» አለች። «ከብቱን ማን ይጠብቃል ብላ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወንድ ልጅ «ጠፋች» ተባለ ብለን! አንዱ ከኋላ «ወንድምሽ ሴት ናት እንዴ?» አለ። ሳቁ ባሰ። መድረክ መሪው ራሱ አፉን በእጁ ሸፈነ።

እኔም ሳቅኩ።

ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች። ቀጣዩ ስላይዷ ስለ ኩይሳ ነበር። በእነሱ አገር በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ኩይሳ ውስጥ ትደበቃለች። እረኞች ደግሞ አመሻሽ ላይ ከብታቸውን ለማየት ኩይሳ ላይ ይቀመጣሉ። ልጅቷ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘችውም፤ እሷም ልጅ ሆና ተቀምጣበታለች። ግን ማን ሰማት? ሰዉ የሳቅ እንባውን እየጠረገ ነበር።

ፕሮፖዛሏ «ይሻሻል» ተብሎ ተመለሰ። በቀጣዩ ሴሚስተር አልመጣችም።

ምን ነካን ግን? የላቦራቶሪ ግኝት ታማሚው አልጋ ድረስ እንዲደርስ እንሥራ እያልን በየስብሰባው እንምላለን። አልጋው ላይ የተኛው እኮ ወንድሟ ነበር! ለምን ተነስቶ እንደሄደ የነገረችን እሷ ብቻ ናት። እኛ ግን ፆታ አረምን። የልብስ አጣቢዎቹን ሥራ ልብ ብለው ላዩ ሰው ካጨበጨብን ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር።

ከየክልሉ ተማሪ ተቀብለናል ብለን ሪፖርት እንጽፋለን። ከገባ በኋላስ? ማታ ቁጭ ብሎ ጽሑፉን አብሮት የሚያነብለት ማን ነው? አማካሪው በስንት ወር አንዴ ነው የሚያገኘው? ላቦራቶሪ ውስጥ መሣሪያውን መጀመሪያ የሚነካውስ ማን ነው? እዚህ ከተማ ዘመድ ያለው ደውሎ ይጠይቃል። የሌለው ዶርም ውስጥ ብቻውን ይቀራል። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

አንጀቴን የሚበላኝ ግን ሌላ ነው። ያን ቀን ስወጣ በሩ ጋ አገኘኋት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ወንድምሽ እንዴት ሆነ ማለት እችል ነበር። አንድ ጥያቄ ነበር። ሰላም ብያት አለፍኩ። ይዳን ይሙት ዛሬም አላውቅም። ስልኳን ፈልጌ ደውዬ ነበር፣ ግን ዘግይቼ። አይሠራም።

አሁን የማማክረው አንድ ልጅ ከጋምቤላ ነው የመጣው። ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ ሲለማመድ አንድ ቃል ተሳሳተ። ወዲያው ዝም ብሎ ፊቴን አየ። እስክስቅ እየጠበቀ ነበር። ሌላ ቦታ ተስቆበታል ማለት ነው። «ቀጥል» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ።

በሚቀጥለው ወር ያቀርባል። ብዙዎቻችሁ ትኖራላችሁ። እባካችሁ ስሙት።