ሦስት ተኩል ላይ የሚነሳው የ«1 ሰዓት» ጉዞ

እስቲ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ የተራራ ጉዞ አስተባባሪዎች አንድ ጥያቄ መልሱልን። ቴሌግራም ላይ «እሁድ ጠዋት ልክ 1 ሰዓት ፒያሳ፣ ማርፈድ ክልክል ነው» ብላችሁ ቀይ ምልክት የምትደረድሩት ለማን ነው? አባሉ እንደሆነ 1 ሰዓት ከአልጋ መውረጃ መሆኑን ካወቀ ቆይቷል። እናንተም ማወቁን ስለምታውቁ በሚቀጥለው 12 ተኩል ትላላችሁ፤ እሱም ይህንን አስልቶ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይተኛል። በሰዓቱ የሚመጡት አራት አምስት ሰዎች ብቻ የደሴን ብርድ ቆመው ይጠጣሉ።

ከዚያ ድራማው ይቀጥላል። «ደረስኩ፣ ሁለት ደቂቃ» የሚለው ሰውዬ ገና ሰኞ ገበያ ነው። ሐሙስ በቴሌብር ማለቅ የነበረበት መዋጮ መኪናው በር ላይ ይሰበሰባል፣ መልስ ይጠፋል። ቅጥቅጡ ነዳጅ አልቀዳም። ተሳክቶ ሲነሳ ደግሞ ሐይቅ ከተማ ላይ «ቁርስ እንቅመስ» ይባልና 35 ሰው አንዲት ቁርስ ቤት ይወርራል። አንዱ ፉል፣ አንዱ እንቁላል፣ ጾመኛው የጾም ፍርፍር፤ አስተናጋጇ አንድ፣ ምድጃው ሁለት። አንድ ሰዓት በዚያው ይሄዳል። ቅር ያለው ሰው አፉን ሲከፍት መልሱ የታወቀ ነው፦ «አብሽር፣ እንደርሳለን!»

መድረሱንማ እንደርሳለን። ጉዱ ስንመለስ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ያገለግላል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ሽቅብ ሌላ 1 ሰዓት። ደርሶ መልስ 12 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡ 600 ሜትር የሆነ መንገድ 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። ያውም እግሩ የጠና፣ ሳይቆም የሚሄድ ሰው። ከቢሮ ወንበር ተነስቶ ለሚመጣ ቡድን ቢያንስ ግማሹን ጨምሩበት፤ 5 ሰዓት አለፈ። ምሳና እረፍት 1 ሰዓት። ፎቶው፣ ውሃ ሽንቱ፣ ጫማ ማሰሩ ሲታከል 6 ሰዓት ተኩል። 1 ሰዓት ተነስቶ 2 ሰዓት ተራራው ሥር የደረሰ ቡድን 8 ተኩል ላይ መኪናው ጋ ነው። 3 ተኩል የተነሳው ግን 4 ተኩል ይጀምርና 11 ሰዓት ይሆንበታል። በጥቅምትና በኅዳር ጀምበር የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው። የአንድ ሰው ቁርጭምጭሚት ወለም ካለ የቀረችው አንድ ሰዓት አለቀች፤ ከዚያ በኋላ 35 ሰው በስልክ መብራት ገደል ለገደል ይወርዳል። ስልኩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ሲቀርጽ ውሎ ባትሪው 9 በመቶ ላይ ነው።

የሰው ብዛቱን እንደ ጌጥ ስለምታዩት እሱንም እንቁጠረው። ጠባብ ቀጭን መንገድ ላይ አንድ ወንዝ ወይም አንድ የድንጋይ ካብ ለመሻገር እያንዳንዱ ሰው 20 ሰከንድ ቢፈጅ ለ35 ሰው 12 ደቂቃ ያህል ነው። እንዲህ ያለ ቦታ አምስት ካለ አንድ ሰዓት ተበላ፤ ማንም አላጠፋም፣ ማንም አልሰነፈም። ሁለት ቡድን አድርጋችሁ ለየቡድኑ መሪ ብትመድቡ ምን አለበት? የለም! «አንድ ላይ ነው የሚያምረው።»

ዝናቡም አለ። በልግም ይሁን ክረምት፣ በወሎ ደጋ ብዙ ጊዜ ጠዋቱ ጥርት ይላል፣ ደመናው ከቀትር በኋላ ይከመራል። በሰዓቱ የተነሳ ቡድን መብረቁ ሲጀምር ታች ነው፤ ያረፈደው ጫፉ ላይ ባንዲራ ዘርግቶ የቡድን ፎቶ እየተነሳ ነው። ብልጭታ አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ 30 ሰከንድ ካልሞላ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ገብቷል፤ ከጫፍ መውረድ ነው፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አለመጠለል ነው። የረጠበ ዋልካ ቁልቁል ላይ ደግሞ ውድ ጫማም አያድንም። የአገሩ ገበሬ በኮንጎ ጫማ ጥሏችሁ የሚያልፈው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ስለሚያውቅ ነው።

ያረፈደ መሪ ይሮጣል፤ ይኼ ሌላው በሽታ ነው። ጉልበተኞቹ ከፊት ይፈተለካሉ፣ ኮረብታው ላይ ቁጭ ብለው 15 ደቂቃ ያርፋሉ፣ የኋለኞቹ እያለከለኩ ሲደርሱ «በሉ እንሂድ!» ብለው ይነሳሉ። ማረፍ የሚያስፈልገው ሰው ሳያርፍ፣ ያረፈው ሰው ደግሞ አርፎ ይቀጥላል። እረፍት የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ ነው። በጣም የሚዘገየው ሰው ቦታው ከመሪው ቀጥሎ ነው፣ እርምጃውን የሚወስነውም እሱ ነው። ከኋላ የሚዘጋ አንድ ጠንካራ ሰው ይመደባል፤ ፊሽካ ይይዛል፣ የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳው እሱ ጋ ይሆናል፣ ከሱ ኋላ ማንም አይቀርም። መንታ መንገድ ላይ ሁሉም ቆሞ ይቆጠራል። አሁን የሚደረገው ቆጠራ መኪናው ሊነሳ ሲል፣ ሹፌሩ ጥሩንባ እየነፋ ነው።

በዚህ ላይ አባሉ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይዞ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ለሚሄድ ሰው 2 ሊትር ትንሹ ነው፣ ቆላ ለሚወርድ 3። ለስፒከር ግን ቦታ አይታጣም! ጠዋት ቅዳሴ ባልወጣበት ደብር ሥር ሙዚቃ አስጩኾ የሰው ባቄላ እሸት እየነጨ የሚያልፍ «የተፈጥሮ ወዳጅ» ማየት የወሎን ገበሬ ትዕግሥት ያስመሰግናል።

ላሊበላ አጠገብ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ደግሞ ማርፈድ ቀልድ አይደለም። ጫፉ 4,260 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ያህል ነው። ከኮምቦልቻ፣ ከ1,800 ሜትር ከፍ ብላ ካለች ከተማ፣ ቅዳሜ አርፍዶ የተነሳ ቡድን ላሊበላ በሌሊት ይገባል፤ በማግስቱ እንቅልፍ ሳይጠግብ በአንድ ቀን ወጥቶ ልውረድ ይላል። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበትን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው ደንቡ። በቀን ወጥቶ ለሚወርድም ቢሆን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት መዘጋት ሲመጣ መውጣቱ እዚያው ይቆማል፤ መራመድ ሲያስቸግረው ወይም ንግግሩ ሲዘባረቅ ሰው አስይዞ ወዲያው ማውረድ ነው። ለእናንተ መድኃኒቱ ሎሚ ማሽተትና «ትንሽ ነው የቀረን» ነው። የሚመለሱበትን ሰዓት ቀድሞ የቆረጠ መሪ ግን ጅብራ የሚባለውን ረጅም የደጋ ተክልና ጭላዳ ዝንጀሮውን አይቶ፣ ጫፉ ሳይደረስ 6 ሰዓት ከሆነ ፊቱን ያዞራል፤ ማንም አይሞትበትም።

ስለዚህ መዋጮ ሐሙስ ማታ ይዘጋ። ነዳጅ ቅዳሜ ይቀዳ። ቁርስ እቤት፣ ካልሆነ በፌስታል ዳቦና ቆሎ። 1 ሰዓት ከ10 ላይ ሞተር ይነሳ፣ የቀረ ሰው ገንዘቡ አይመለስ። «ጨካኞች» ትባላላችሁ። ተባሉ።