ካሽ ማጥፋት ጥገና አይደለም!

በኤንኤፍኤስ (ብዙ ማሽኖች የአንድ ሰርቨርን ፋይሎች በኔትወርክ የሚጋሩበት ሥርዓት) ላይ አንዱ ማሽን የጻፈውን ሌላው ባላየ ቁጥር «ኖኤሲ ጨምርበት» የሚለው ምክር መቼ ነው የሚቀረው? ኖኤሲ (noac፣ ፋይሎቹ ሲገናኙ የሚሰጥ የማውንት ትእዛዝ) እኮ የፋይል መረጃ ካሽን፣ ማለትም ማሽኑ ለፍጥነት ብሎ ራሱ ጋ የሚይዘውን የመጠንና የሰዓት ቅጂ ብቻ አያጠፋም፤ እያንዳንዱን ጽሑፍ ሰርቨሩ ጋ እስኪደርስ ያስጠብቃል። ሥራው ሁሉ ይንቀራፈፋል፣ ብልሽቱ እዚያው ነው።

ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሊኑክስ ክላየንት (የሰርቨሩን ፋይል የሚጠቀመው ማሽን) የፋይሉን መጠንና የተሻሻለበትን ሰዓት ከ3 እስከ 60 ሰከንድ፣ የፎልደርን ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይዞ ይቆያል። ፋይል ሲከፈት ግን ሰርቨሩን መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ ጸሐፊው ከዘጋ በኋላ የከፈተ አንባቢ አዲሱን ያገኛል። ከፍቶ የተቀመጠ ፕሮግራም አሮጌውን ቢያነብ ግን የኤንኤፍኤስ ውል ነው እንጂ ብልሽት አይደለም፤ ዘግቶ ይክፈት ወይም ፋይሉን ይቆልፍ።

አዲስ ፋይል «የለም» ሲባልስ? ክላየንቱ ቀድሞ ፈልጎ ያጣውን ስም «የለም» ብሎ ስለያዘ ነው። ሉክአፕካሽ የተባለውን የማውንት ትእዛዝ ፖዚቲቭ (lookupcache=positive) ማድረግ፣ ማለትም «የለም» የሚለውን መልስ እንዳይይዝ ማድረግ ይበቃል፤ ሌላው ካሽ አይነካ!

ከሁሉ የሚያንገበግበው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። በኤንኤፍኤስ ቨርዥን 3 ክላየንቱ ለውጥን የሚያውቀው በሰዓትና በመጠን ነው። የሰርቨሩ ፋይል ሲስተም ሰዓት የሚመዘግበው በሙሉ ሰከንድ ከሆነ፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሁለቴ ተጽፎ መጠኑ ካልተለወጠ፣ በመሐል ያነበበው ክላየንት ፋይሉ እንደገና እስኪለወጥ ወይም የያዘው ቅጂ ከካሹ እስኪወጣ ድረስ አሮጌውን ታቅፎ ይቀራል። ይህን ኖኤሲም አያድነው፤ ደጋግሞ ቢጠይቅ የሚመለስለት ያው ሰዓት ነው! ቨርዥን 4 ለዚህ የለውጥ ቁጥር አለው፤ የሰርቨሩ ፋይል ሲስተም ቁጥሩን በእያንዳንዱ ለውጥ የሚጨምር መሆኑ ግን መጀመሪያ ይረጋገጥ።