146 ዶላር ከፍዬ ያየሁት ባርኔጣ

ሰው ኮንሰርት ሄዶ ሲመጣ ቪዲዮ ይለጥፋል። እኔ ብሶት ይዤ መጥቻለሁ። ረዘም ስለሚል ቡና ካላችሁ ቅዱና አንብቡ።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ ዳላስ መጥተዋል። ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል። ከወጣትነታቸው ጀምሮ የካንትሪ ሙዚቃ፣ የአሜሪካኖቹ የገጠር ዘፈን፣ በሽተኛ ናቸው። ጂም ሪቭስ፣ ኬኒ ሮጀርስ፣ ዶን ዊሊያምስ። ያኔ ባዶ ካሴት ገዝተው ሙዚቃ ቤት ያስቀዱ ነበር። ካሴቱ ላይ የተጻፈው ሲለቅ በእስክሪብቶ ይደግሙበታል፤ ክሩ ሲወጣም በዚያው እስክሪብቶ ያጠነጥኑታል። እንግሊዝኛቸውን ግማሹን ከትምህርት ቤት፣ ግማሹን ከዶን ዊሊያምስ ነው የተማሩት። ለዚህ ነው ቀስ ብለው የሚናገሩት።

የሥራ ባልደረቦቼ ይሄ ነገር አይገባቸውም። «ኢትዮጵያ ውስጥ ካንትሪ ይሰማል?» ይሉኛል። ኧረ የኛ አባቶች ኬኒ ሮጀርስን እንደ ዘመድ ነው የሚያውቁት! ዘፈኑ የእናት ነገር፣ የመለየት ነገር፣ ትቶት የመጣው የአገር ቤት ነገር ነው። ትዝታ እየሰማ ያደገ ሰው ትርጉም አይፈልግም። ዶን ዊሊያምስም አፍሪካ ውስጥ ምን ያህል እንደሚወደድ ያውቅ ነበር። በፈረንጆቹ 1997 ዚምባብዌ ድረስ ሄዶ ዘፍኗል።

ጋሼ በመጡ በሦስተኛው ቀን የቴክሳስን ካርታ ዘርግተው ጠበቁኝ። ሦስቱም ዘፋኞቻቸው ለካ የዚሁ አገር ልጆች ናቸው። ኬኒ ሮጀርስ ሂውስተን፣ ጂም ሪቭስ ጋሎዌይ የምትባል ትንሽ መንደር፣ ዶን ዊሊያምስ ደግሞ ፍሎይዳዳ ነው የተወለዱት። «የሦስቱም አገር መጥቼ አንድ ካንትሪ በዓይኔ ሳላይ ልመለስ?» አሉኝ። ምን ልበል? ሦስቱም በሕይወት የሉም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጂም ሪቭስ በ1964 በአውሮፕላን አደጋ፣ ዶን ዊሊያምስ በ2017፣ ኬኒ በ2020 ነው ያረፉት። ስለዚህ በሕይወት ያለ ዘፋኝ መፈለግ ነበረብኝ።

አገኘሁ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም።

ቲኬት መግዛት ድሮ መስኮት ላይ ተሰልፎ ነበር። አሁን ቤትህ ቁጭ ብለህ ትሰለፋለህ። ስልኬ ላይ «ከፊትህ 14,312 ሰው አለ» አለኝ። ልክ የቀበሌ ዘይት ሰልፍ በሉት፤ ልዩነቱ የሚጋፋህ ሰው የለም፣ የምትሰድበውም የለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተራዬ ደረሰ። ሁለት ወንበር፣ አንዱ 118 ዶላር። ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ዶላር ባለቤቴን ሳላማክር አላወጣም ብዬ ኩሽና ሄድኩ። ስመለስ ያው ወንበር 146 ሆኗል። ያው ረድፍ፣ ያው ቁጥር! ሰው በፈለገው ቁጥር ዋጋው ራሱ ይወጣል አሉ። የመርካቶ ነጋዴ እንኳን ዓይንህን አይቶ ነው የሚጨምረው። ይሄ ጀርባህን ስታዞር ነው።

እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር። ድሮ ቲኬት ሻጩ 79 ብሎ አባብሎህ የመጨረሻው ገጽ ላይ የአገልግሎት፣ የአሠራር፣ የምናምን እያለ 112 ያደርገው ነበር። ከሜይ 2025 ጀምሮ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ደንብ አውጥቶ ጠቅላላ ዋጋው ከመጀመሪያው እንዲታይ አስገድዷል። ጥሩ ነው። አሁን መጨረሻ ላይ አልደነግጥም። መጀመሪያ ላይ ነው የምደነግጠው።

ቀኑ ደረሰ። ጋሼ ሙሉ ልብስ ለበሱ። ከረባት አሰሩ። ጫማቸውን ራሳቸው ቦረሹ። «ጋሼ፣ እንዲህ አይለበስም እኮ፣ ሰው ጂንስ ነው የሚለብሰው» ብላቸው «አርቲስት ፊት ነው የምቀርበው» አሉኝ። ዝም አልኩ።

ፓርኪንግ 50 ዶላር። ለዚያውም ከአሬናው ሃያ ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ። በር ላይ ደግሞ ሴኩሪቲው የጋሼን ትንሽዬ የቆዳ ቦርሳ ያዘ። ቦርሳ መግባት የሚችለው ውስጡ ወለል ብሎ የሚታይ ላስቲክ ከሆነ ብቻ ነው አለን። በቦርሳው ውስጥ ያለው መነጽር፣ ፓስፖርትና የደም ግፊት መድኃኒት ነው። እንደገና ሃያ ደቂቃ ተመልሰን መኪና ውስጥ ልናስቀምጥ ነው? ውጭ የቆመ ልጅ ላስቲክ ቦርሳ በ15 ዶላር ይሸጣል። ገዛን። ጋሼ ላስቲኩን ከሙሉ ልብሳቸው ጋር አንጠልጥለው ሲገቡ «የግፊት መድኃኒቴን ቴክሳስ ሁሉ አየው» አሉ።

ከዚያ «ቲኬቱን ወዲህ በል እስቲ፣ አንዱን ለማስታወሻ ላስቀምጠው» አሉኝ። ስልኬ ውስጥ ነው አልኳቸው። አልገባቸውም። ስልኩን አሳየኋቸው። ኮዱ ይንቀሳቀሳል፤ ፎቶ አንስተህ ብታስቀር አይሠራም። ጋሼ የ1970ዎቹን የሲኒማ ቲኬት ሳይቀር መጽሐፍ ውስጥ ያስቀመጡ ሰው ናቸው። «ታዲያ መሄዴን በምን አስረዳለሁ?» አሉኝ። መልስ የለኝም። ያቺን የምትንቀሳቀስ ኮድ ይዤ በር ላይ ስቆም የስልኬ ባትሪ ደግሞ 31 በመቶ ደርሷል።

ውሃ 7 ዶላር። ሻጯ ክዳኑን ነቅላ አስቀረችውና ክፍቱን ሰጠችኝ። ወርውረህ ሰው እንዳትመታ ነው አሉ። የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ነኝ፤ ማን ላይ ነው የምወረውረው? ጥሬ ገንዘብም አይቀበሉም። ጋሼ «እኔ ልክፈል» ብለው ያወጧትን ሃያ ዶላር እንደያዙ ቀሩ።

ቲኬቱ የሚለው 7:00 ነው፤ በኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። ጨዋ ሰዎች ነንና 6:40 ላይ ተቀመጥን። በ7:15 አንድ ልጅ ወጣ። ጋሼ ተነስተው አጨበጨቡ። «እሱ ነው?» አሉኝ። አይደለም፣ የሱ ማሟሟቂያ ነው። በ8:00 ሌላ ወጣች። እንደገና ተነሱ። «አሁንስ?» አይደለም፣ ጋሼ። ከዚያ መብራት በርቶ ሠራተኞች ገመድ ሲጎትቱ ግማሽ ሰዓት አየን። ለዚህም ነው የከፈልነው። ዋናው ሰውዬ የወጣው 9:10 ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ጋሼ ማጨብጨቡ ደክሟቸዋል።

አሁን ወደ ባርኔጣው ልምጣ።

ከጋሼ ፊት አንድ ሰውዬ ተቀምጧል። ትከሻው በር የሚያህል። አናቱ ላይ ነጭ የካውቦይ ባርኔጣ አለ፤ ጠርዙ ግራና ቀኝ የተጠቀለለ፣ ስፋቱ የእንጀራ ሰፌድ። ዘፋኙ ሲወጣ ሰው ሁሉ ተነሳ። ተነስቶም አልተቀመጠም። ለመቀመጫ ነው ያስከፈላችሁን ወይስ ለመቆሚያ? ጋሼ በግራ ቢያዘነብሉ ጠርዝ፣ በቀኝ ቢያዘነብሉ ጠርዝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ሰውዬው ስልኩን አውጥቶ ከባርኔጣው በላይ አነሳው። ከዚያ በኋላ ጋሼ ኮንሰርቱን በሰውዬው ስልክ መስታወት ውስጥ ነው ያዩት። አውራ ጣት የምታህል ዘፋኝ።

ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ዶን ዊሊያምስም ባርኔጣ ነበረው። ግን መድረክ ላይ ነበር የሚያደርገው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዶን ዊሊያምስ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አጠገቡ ቡናውን አስቀምጦ የሚዘፍን ሰው ነበር። እዚህ እሳት ይተፋል፣ ጭስ ይለቀቃል፣ የቤዙ ድምፅ ደረቴን ይደልቃል። ከበሮው የራፕ ከበሮ ነው። ጋሼ «ያቺ የምታለቅሰው ጊታር የታለች?» ይሉኛል። ስቲል ጊታሯን ማለታቸው ነው። አንድ ሰው ከኋላ ተቀምጦ እየተጫወተ እንደሆነ በስክሪኑ አየሁ። እጁ ይንሸራተታል፤ ድምፁ ግን ከበሮው ውስጥ ሰጥሟል። ጋሼ ከዶን ዊሊያምስ ወዲህ የመጣ ካንትሪ ካንትሪ አይደለም ይላሉ። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም፤ ዘንድሮም ጥሩ ጥሩ ዘፋኝ ሞልቷል። የሚሰማ ሰው ግን በዚያ ምሽት አላየሁም።

ማስረጃ ላቅርብ። ወደ መጨረሻው ላይ ባንዱ ከመድረክ ወረደ። መብራቱ ጠፋ። ዘፋኙ ብቻውን ጊታር ይዞ ቁጭ አለና ስለ አባቱ መዝፈን ጀመረ። እኛ የመጣነው ለዚህች ነው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዚህ መሃል ከኋላችን ያለችው ሴት ለጓደኛዋ የእህቷን ፍቺ መተረክ ጀመረች። ከነጠበቃው ክፍያ! በቀኝ በኩል ያለው ልጅ ስልኩን አንስቶ ለፍቅረኛው በቪዲዮ ደወለ፤ «ይሰማሻል? ይሰማሻል?» ይላል። እሷ ቢሰማትስ እኛ እንዴት እንስማ? ከፊት ደግሞ ባርኔጣው የቢራ ጣሳውን ይዞ ይወዛወዛል። አቦ፣ ማውራት ለፈለገ ቡና ቤት ሞልቷል። እዚያ 146 ዶላር አይጠየቅም።

ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። ከረባታቸውን አስተካከሉ። የሰውዬውን ትከሻ ቀስ ብለው መታ መታ አደረጉት። ልቤ ቆመ። ቴክሳስ ነው፤ ሰውዬው ሁለት ሜትር ነው። ጋሼ በዚያ በዶን ዊሊያምስ እንግሊዝኛቸው፣ ቃል በቃል እየለዩ፣ «ጌታዬ፣ ከሩቅ አገር ነው የመጣሁት። ባርኔጣዎ እንጂ ዘፋኙ አይታየኝም» አሉት።

ሰውዬው ዞረ። ጋሼን ከጫማቸው እስከ ከረባታቸው አያቸው። «ይቅርታ፣ ጌታዬ!» ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። የቴክሳስ ሰው ሽማግሌ ያከብራል፣ ይሄን አልክድም። ችግሩ ባርኔጣውን ምን እንዳደረገው ነው። ጋሼ አናት ላይ ደፋው። «የርስዎ ነው» አለና ዞሮ ስልኩን እንደገና አነሳ።

ጋሼ በሙሉ ልብስና በካውቦይ ባርኔጣ ቆመው ዘፈኑ ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው፣ የእህቷን ፍቺ ስትተርክ የነበረችው ሴት ከኋላ ነካ አደረገቻቸው።

«ጌታዬ፣ ባርኔጣዎን ቢያወልቁልኝ? አይታየኝም።»

አሁን ነው የሚታይሽ የጠፋው?

ስንወጣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ በነሱ አሥራ አንድ ተኩል። መኪናውን ለማግኘት ሃያ አምስት ደቂቃ ሄድን። ሃምሳ ዶላር የከፈልንበት ፓርኪንግ መውጫው አንድ ነው። አንድ! ሺህ መኪና ወደ አንድ ቀዳዳ አፍንጫውን ደቅኗል። ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ልጅ መሃል ላይ ቆሞ የሚበራ ዱላ ያወዛውዛል፤ ማንን እንደሚያሳልፍ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ጋሼ ባርኔጣውን አላወለቁም። የመኪናው ጣራ ስለሚገፋው ጠርዙ ቅንድባቸው ላይ ወርዷል።

«እስቲ ዶን ዊሊያምስን ክፈትልኝ» አሉኝ።

ስልኬን አወጣሁ። ሞቷል። ያቺ የምትንቀሳቀስ ቲኬት ጨርሳዋለች። ቻርጀሩን ባለቤቴ ወስዳዋለች።

«ግድ የለም» አሉና ራሳቸው ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል፣ አንድ ስንኝ ሳይስቱ። ሦስት ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ጨረሱ። መኪናችን አንድ ሜትር አልተንቀሳቀሰም።