ሞክሼዎቹን ለዩልን

ዛሬ ዝም ማለት አልቻልኩም። ልጄ ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ያመጣችውን የቤት ሥራ ወረቀት ካየሁ ጀምሮ አንጀቴ እያረረ ነው። ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። የምንኖረው ሱሉልታ ነው፤ ትምህርት ቤቱም እዚያው ሰፈራችን ነው፤ ስሙን አልጠራም። የወረቀቱ ርዕስ «ታዋቂ ኢትዮጵያውያን» ይላል። በቀኝ በኩል በባዶ እግሩ የሚሮጠው የአበበ ቢቂላ ፎቶግራፍ አለ። ከፎቶግራፉ ሥር ምን ተጽፎ ባገኝ ጥሩ ነው? «አበበ በጣሊያን ወረራ ዘመን በአርበኝነት የተጋደለ፣ በ1953 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ የተገደለ ጀግና ነው።»

አበበ ማን? የማን ልጅ? የአባቱ ስም የለም።

ይህ እኮ የራስ አበበ አረጋይ ታሪክ ነው! አምስቱን የወረራ ዓመታት በሸዋ ዱርና ገደል ሲዋጉ ኖረው፣ ከነጻነት በኋላ በሚኒስትርነት አገልግለው፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከታገቱት ባለሥልጣናት ጋር በጥይት የተገደሉት እርሳቸው ናቸው። አበበ ቢቂላ በዚያ ታኅሣሥ ገና የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ነበር። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ባስወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን በ2:12:11 ጨርሶ ሁለተኛውን ወርቅ ያጠለቀው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። ያረፈው ደግሞ በጥቅምት 1966 ዓ.ም.። ይህንን ልጄ ከእኔ ሰምታ ታውቃለች። ወረቀቱን ይዛ መጥታ «አባዬ፣ በ1953 ከሞተ ቶኪዮ ላይ የሮጠው ማን ነው?» አለችኝ። አምስተኛ ክፍል ያለች ልጅ ያየችውን ወረቀቱን ያባዛው ትልቅ ሰው አላየውም።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ይበልጥ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሁለቱ አበበዎች የተገናኙበት ዘመን አንድ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ማታ። ሦስት ወር ቆይቶ የታኅሣሡ ግርግር ተነሣ። የመራው ማን ነበር? የክብር ዘበኛ ዋና አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ፣ ከወንድማቸው ከገርማሜ ነዋይ ጋር። አበበ ቢቂላ ደግሞ የዚያው የክብር ዘበኛ ወታደር ነው። እንግዲህ አንዱ አበበ የመንግሥቱ ወታደር፣ ሌላው አበበ መንግሥቱ በመሩት ሙከራ የተገደሉ ራስ ናቸው። የአባቶቹን ስም አውጥታችሁ ይህንን ታሪክ ለልጅ ንገሩት እስኪ። ማን ማንን እንዳዘዘ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደሮጠ በምን ይለያል?

መንግሥቱ የሚለውን ስም ካነሣሁ አይቀር፣ ከአንድ ወር በፊት ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ያየሁትን ልናገር። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ላለው ወጣት ስለ ኳስ ያወሩለታል። በ1954 ዓ.ም. ጥር ወር በልጅነታቸው ስታዲየም ገብተው ነበር፤ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደች ዕለት። መሀል መንገድ ላይ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ገቡ። ሽማግሌው ወሬያቸውን አላቋረጡም፤ «መንግሥቱን የመሰለ ሰው ይህች አገር ዳግመኛ አላገኘችም» አሉ።

ሴትዮዋ ዞር አሉ። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። «ምነው አባቴ? ምነው እንዲህ ይላሉ? ወንድሜን በቀይ ሽብር ከቤት አውጥተው ከወሰዱት ጀምሮ የተቀበረበትን እንኳ አላውቅም» አሉ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። ሽማግሌው ምን እንዳጠፉ አልገባቸውም፤ እጃቸውን ዘርግተው ዝም አሉ። ሴትዮዋ «ወራጅ አለ» ብለው ከመድረሻቸው በፊት ይመስለኛል የወረዱት። በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው ሽማግሌው ነገሩ የበራላቸው። «ወርቁን እኮ ነው! መንግሥቱ ወርቁን!» አሉ። ማን ይስማቸው?

መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ጎል አግብቶ ያንን ዋንጫ ያረጋገጠልን ልጅ ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሌላ ሰው ነው፤ መንግሥቱ ነዋይ ሌላ፤ ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ ሌላ። በስልክ ላይ «መንግሥቱ» ብላችሁ ብትፈልጉ ግን ሌሎቹን ሁሉ ኮሎኔሉ ይውጧቸዋል። የእኔ ብሶት እዚህ ላይ ነው። ስም ሲቆረጥ የሚጠፋው ሁልጊዜ ድምፁ ዝቅ ያለው ነው። ሥልጣን ያልነበረው፣ ኳስ ብቻ የተጫወተ፣ ግጥም ብቻ የጻፈ ሰው በሞክሼው ስም ተሸፍኖ ይቀራል። አበበ መኮንንስ? ቦስተን ላይ በ1981 ዓ.ም. ማራቶን ያሸነፈ አትሌት ነው፤ «አበበ» ተብሎ ሲጻፍ እርሱን የሚያስብ ስንት ሰው አለ?

የውጭዎቹ ጋዜጠኞች በተቃራኒው አባቱን ይዘው ልጁን ይጥላሉ። በ2007 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ገንዘቤ ዲባባ በ1,500 ሜትር፣ ማሬ ዲባባ በማራቶን የዓለም ሻምፒዮና ሆኑ፤ ማሬ የእነ ጥሩነሽ እኅት ሳትሆን በአባት ስም ብቻ ስንቱ እኅት አደረጋት። ንጉሠ ነገሥቱንማ «ሥላሴ» ብለው ይጠሯቸዋል፤ የፈጣሪን ስም። እነርሱስ የቤተሰብ ስም ስላላቸው የእኛም እንደዚያ መስሏቸው ነው። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱን ሰው ከሌላው የምንለይበት ያለን የአባት ስም ብቻ ነው። ታላላቆቻችን ልጅ ሲያገኙ ስሙን ጠይቀው «የማን ልጅ ነህ?» የሚሉት ለዚህ ነው።

በየማለዳው በደጃፌ የሚያልፉ ሯጮች አሉ። ከመካከላቸው ሁለት ታደሰዎች አሉ። አሠልጣኙ በጭጋጉ ውስጥ ሰዓት ይዞ ሲጠራቸው አንድም ቀን «ታደሰ» ብሎ ሲያቆም ሰምቼ አላውቅም፤ ከነአባታቸው ነው የሚጠራቸው። የአንዱ ሰዓት ለሌላው እንዳይጻፍ ይጠነቀቃል። ለልምምድ ሰዓት ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሰው ካለ፣ ለልጆች የሚታደል ታሪክ ላይ መጠንቀቅ እንዴት ያቅታል?

ቦታ አይበቃም አትበሉኝ። «ወርቁ» ሦስት ፊደል ነው። «ቢቂላ» ሦስት ፊደል ነው። «ነዋይ» ሦስት። «ለማ» ሁለት ብቻ!

ረቡዕ ዕለት ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። መምህሯን በትሕትና አነጋገርኳት። «ጋሼ፣ አበበ ሲባል እኮ ሁሉም ያውቀዋል» አለችኝ። እሺ፣ ሁሉም ካወቀው ወረቀቱ ላይ ሌላ ሰው እንዴት ገባ? ወረቀቱ ተባዝቶ ለአራት ክፍል ታድሏል። «አበበ መቼ ሞተ?» ለሚለው ጥያቄ ልጄ «አበበ አረጋይ በ1953፣ አበበ ቢቂላ በ1966» ብላ በእርሳስ ጽፋ ሰጠች። ትናንት ወረቀቱ ተመለሰ፤ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ላጲስ አውጥታ ልታጠፋው ስትል እጇን ያዝኩ። እንዳለ በደብተሯ መሀል አስቀምጣዋለች፤ ሰኞ ጠዋት ይዘነው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ እንሄዳለን።